የሰው ግድግዳ ላይ ስንሥል ንብረት ቢጎዳ፦ በወሎ ለሚሠሩ የግድግዳ ሥዕል ባለሙያዎች ስለ መድንና ስለ ጉዳት አያያዝ

ደሴ ፒያሳ፣ በአንድ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ የመንገድ ዳር ግድግዳ ላይ ስንሥል፣ ረዳቴ መወጣጫው ላይ ሲዞር ክርኑ እስከ ግማሽ የተሞላ የቀለም ባልዲ ነካ። ባልዲው ከታች የቆመ ባጃጅ ሸራ ላይ ነጥሮ አጠገቡ ባለው ሱቅ ደጃፍ ተደፋ። ደጃፉ ላይ ለሽያጭ የተሰቀሉ ነጠላዎች ነበሩ፤ ቀለሙም ሰማያዊ የዘይት ቀለም ነበር። ባለሱቋ ወጥታ ነጠላዎቹን አንድ በአንድ እያነሣች ካየች በኋላ፣ «ወንድማለም፣ ይኼ እኮ የእኔ አይደለም፤ የሸማኔ አደራ ነው» አለችኝ። በዚያው ቀን ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑንና የምከፍለውን ገንዘብ በወረቀት ላይ ፈርሜ ሰጠሁ። ከሥራው ዋጋ ግማሽ ያህሉ በዚያ ሄደ። በወቅቱ የኃላፊነት መድን፣ ማለትም በሌላ ሰው ላይ ላደረስሁት ጉዳት የሚክስ ውል፣ ነበረኝ፤ ነገር ግን ለመድን ሰጪው ሳላሳውቅ ኃላፊነቱን አምኜ ከፍዬ ስለ ነበር ከውሉ ምንም አላገኘሁም። ውሉን ካነበብሁት በኋላ የተከለከልሁት በአግባቡ እንደ ነበር ገባኝ።

ይህንን መመሪያ የምጽፈው ብዙ የሙያ ባልደረቦቼ መድን ገዝተው እንኳ ሳይጠቀሙበት ሲቀሩ ስላየሁ ነው። መድን መግዛት ከሥራው ሩቡ ብቻ ነው። የቀረው ሥራ የሚሠራው ብሩሽ ከመነከሩ በፊት ግድግዳውን በመመዝገብ፣ ሥዕሉን ካዘዘው አሠሪ ጋር በምናደርገው ውል ላይ ጥቂት ዐረፍተ ነገሮችን በጥንቃቄ በማስገባት፣ ጉዳት በደረሰ ጊዜ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በምንናገረውና በምንፈርመው ነገር ነው።

የትኛው ጉዳት በማን ላይ ይወድቃል

አብዛኛው ሰው «ሦስተኛ ወገን» ሲባል ወዲያው የሚያስበው መኪና መስተዋት ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ነው። ያ መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ለባለ ተሽከርካሪዎች ግዴታ የተደረገ ስለሆነ ትራፊክ ያስቆማችሁና ይጠይቃችኋል። ለሠዓሊ የሚሆነው የኃላፊነት መድን ግን ማንም መንገድ ላይ አስቁሞ የሚጠይቀው አይደለም፤ ስለዚህ አስበን ራሳችን ካልገዛነው አይኖረንም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን መድን ኖረንም አልኖረንም ግዴታችንን አያነሣልንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጉዳቱን መካስ እንዳለበት ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 2130 ደግሞ አሠሪ ሠራተኛው በሥራው ላይ ሳለ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ያስቀምጣል። ባልዲውን የነካው የረዳቴ ክርን ቢሆንም ተጠያቂው እኔ የነበርሁት በዚህ ምክንያት ነው። ሥራውን ያዘዘው የሕንፃ ባለቤት ደግሞ ሠዓሊው በራሱ ነጻነት የሚሠራ ባለሙያ እንጂ በእርሱ ትእዛዝ ሥር ያለ ሠራተኛ አለመሆኑን በማሳየት፣ በአንቀጽ 2134 መሠረት ከተጠያቂነት ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ «ባለ ሆቴሉ ትልቅ ሰው ነው፣ እርሱ ይሸፍናል» በሚል ተስፋ ሥራ መጀመር አይገባም።

በግድግዳ ሥዕል ሥራ የሚደርሰውን የንብረት ጉዳት ሦስት ቦታ ከፍላችሁ አስቡት፤ የመድን ሽፋኑም በዚሁ መሠረት ይለያያልና። አንደኛው ከሥራው ጋር ግንኙነት የሌለው የሰው ንብረት ነው፤ ከታች የቆመ መኪና፣ የጎረቤት ሱቅ ዕቃ፣ የእንግዳ ልብስ፣ የጎረቤት መስኮት ሁሉ እዚህ ይገባል። ሁለተኛው የምንሥልበት ግድግዳ ራሱና ከእርሱ ጋር የተያያዘው ልስን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የውኃ ቧንቧ፣ ወለሉ ላይ ያለው ሴራሚክ ወይም ቴራዞ ነው። ሦስተኛው ሥዕሉ ነው፤ ሳናስረክበው ዝናብ ቢመታው፣ ቢላጥ፣ መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ቢገጨው የማን ኪሳራ ይሆናል?

ብዙዎች የሚሳሳቱት በሁለተኛው ላይ ነው። የተለመደው የኃላፊነት መድን አንደኛውን ይሸፍናል፤ ነገር ግን በመድን ገቢው፣ ማለትም መድኑን በገዛው ሰው፣ እጅ ወይም ጥበቃ ሥር ያለን ንብረት፣ በተለይም ሥራው በቀጥታ የሚከናወንበትን የንብረቱን ክፍል፣ ብዙ ጊዜ በግልጽ ያስወጣል። ይህ ማለት መልሕቅ (መወጣጫውን ከግድግዳው ጋር የሚያስረውን ብረት) ለመትከል ግድግዳውን ስትበሱ ቧንቧ ነክታችሁ ውኃው የታችኛውን ሱቅ ስኳር ቢያጠፋ፣ ስኳሩ ሊካስ ይችላል፤ የበሳችሁት ግድግዳና ቧንቧው ግን በእናንተ ላይ ሊቀር ይችላል ማለት ነው። ለዚህ ነው ሁለተኛውን ዓይነት ጉዳት በዋናነት የምንከላከለው በመድን ሳይሆን ከአሠሪው ጋር በምናደርገው ውል ነው የምለው።

መድኑን ስትገዙ

ኢትዮጵያ ውስጥ የመድን ሥራን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው፤ የመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004ም የሚያስፈጽመው እርሱ ነው። የምትዋዋሉት ፈቃድ ካለው መድን ሰጪ ጋር መሆኑን አረጋግጡ። ቅርንጫፍ ቢሮ ስትገቡ «ኢንሹራንስ እፈልጋለሁ» ብቻ አትበሉ፤ ምን እንደምትሠሩ በዝርዝር ተናገሩ። ከምን ያህል ከፍታ ላይ እንደምትሠሩ፣ መወጣጫችሁ የብረት ይሁን ከአጣና የታሰረ፣ ቀለም በብሩሽና በሩሎ ነው ወይስ በኮምፕሬሰር የምትረጩት፣ ቲነር ምን ያህል እንደምታከማቹ፣ ረዳቶቻችሁ ስንት እንደሆኑ ንገሯቸው። የንግድ ሕጉ በአንቀጽ 667 መድን የሚገባ ሰው ስለ ስጋቱ የሚያውቀውን በትክክል የማሳወቅ ግዴታ ጥሎበታል። «ቀለም ቀቢ» ብሎ ተመዝግቦ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በኮምፕሬሰር የሚረጭ ሰው ጉዳት ሲደርስ ጭቅጭቅ ውስጥ ይገባል።

ለአብዛኞቻችን የሚጠቅመው የኃላፊነት መድን ነው። ሥራው ትልቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ የኮምቦልቻን ፋብሪካ አጥር በሙሉ ወይም አዲስ በሚሠራ ሆቴል ውስጥ የሚሣል ከሆነ፣ የተቋራጮች ሁሉን አቀፍ ስጋት መድን የሚባለው ይሻላል፤ ምክንያቱም እርሱ አንድም ያልተረከበውን ሥራ ራሱን፣ አንድም የሦስተኛ ወገንን ጉዳት በአንድ ውል ውስጥ ይይዛል። በዚያ ውስጥም ቢሆን አስቀድሞ የነበረው የአሠሪው ንብረት እንዲሸፈን በተለይ ማስጨመር ያስፈልጋል። ሕንፃው እየተሠራ ከሆነ ዋናው ተቋራጭ ይህ መድን ሊኖረው ስለሚችል፣ ንዑስ ተቋራጮችን ያካትት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ካካተተ ለአንድ ሽፋን ሁለት ጊዜ አትከፍሉም።

ውሉን ስትቀበሉ መጀመሪያ የምታነቡት የማይሸፈነውን የሚዘረዝረውን ክፍል ይሁን። ከዚያ ተቀናሹን ተመልከቱ፤ ተቀናሽ ማለት ከእያንዳንዱ ጉዳት ላይ እናንተ ራሳችሁ የምትሸፍኑት የመጀመሪያ ድርሻ ነው። አረቦኑ (ለመድኑ የምትከፍሉት ዋጋ) ርካሽ ሆኖ ተቀናሹ ከፍተኛ የሆነ ውል ለሠዓሊ ብዙም አይጠቅምም፤ እኛ ላይ የሚደርሱት ጉዳቶች አብዛኞቹ መካከለኛና ተደጋጋሚ ናቸውና። ሌላው፣ የተለመዱት ውሎች በጦርነትና በሁከት የሚደርስን ጉዳት አይሸፍኑም። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ የደረሰውን ያየ የወሎ ሰው ይህ ነገር ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ቃል እንዳልሆነ ያውቃል፤ የፖለቲካ ሁከትና ሽብር ሽፋን ለብቻው የሚገዛ ስለሆነ ዋጋውን ጠይቁ።

ረዳቶቻችሁን በተመለከተ በአጭሩ፦ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ፣ እዚህ ላይ እናንተ፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለደረሰበት ጉዳት ይጠየቃል። የኃላፊነት መድኑ ይህንን አይሸፍንም፤ ራሱን የቻለ የሠራተኛ ጉዳት ሽፋን ያስፈልጋል።

ግድግዳውን መመዝገብ

ከዚህ ጽሑፍ አንዱን ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህንን ክፍል ውሰዱ። ግድግዳ ከእኛ በፊት የራሱ ታሪክ አለው። ደሴ በተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ከጦሳ ተራራ በኩል ያለው የብዙ ቤት የኋላ ግድግዳ አፈር ስለተደገፈ ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ሲጠጣ ይከርማል። በጥቅምት ደርቆ የሚታየው ግድግዳ ውስጡ ገና አልደረቀም። በዚህ ላይ የዘይት ቀለም ከተቀባ በጥቂት ወራት ውስጥ ያብጥና ይላጣል፤ አሠሪውም «ግድግዳዬን አበላሸኸው» ይላል። በወሎ ደግሞ ክረምቱ ብቻ ሳይሆን የበልግ ዝናብም ስላለ፣ በየካቲት የተጀመረ የውጭ ሥዕል በመካከሉ ሊመታ ይችላል።

ስለዚህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከአሠሪው ወይም ከወኪሉ ጋር በቀን ብርሃን ግድግዳውን አብራችሁ ዙሩ። ልስኑን በጣት መገጣጠሚያ አንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ከግድግዳው ለቅቋል፣ በጠመኔ ክበቡት። ስንጥቅ ካለ አጠገቡ ሳንቲም አስደግፋችሁ ፎቶ አንሡ፤ ሳንቲሙ ስፋቱን ያሳያል። ነጭ የጨው ዱቄት የሚመስል ነገር ከታየ ግድግዳው እርጥበት እያወጣ ነው ማለት ነው። በአዲስ የሲሚንቶ ልስን ላይ ቢያንስ 28 ቀን ሳይሞላው ቀለም መቀባት እንደማይገባ ለአሠሪው ተናገሩ፤ «ለምርቃቱ ይድረስልኝ» ብሎ ከጠየቃችሁ ጥያቄውን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ አድርጉ። ሽቦና ቧንቧ የሚያልፍበትን ቦታ እንዲያሳያችሁ ጠይቁና በንድፍ ላይ ምልክት አድርጉ። ወለሉን፣ መስኮቶቹን፣ በሮቹን፣ ከሥር ያለውን አስፋልትና የጎረቤቱን ደጃፍ ጭምር ፎቶ አንሡ። በመጨረሻ ያያችሁትን ሁሉ በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ፣ ቀን አስገብታችሁ፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት።

አንድ ጊዜ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ምግብ ቤት ስሠራ ባለቤቱ በዚህ ወረቀት ምክንያት በጣም ተቆጥቶ ነበር፤ ያላመንሁት መስሎታል። «ጋሼ፣ ይኼ እርስዎንም ይጠብቅዎታል፤ እኔ የሰበርሁት ነገር ካለ እንዳልክድ ነው» ስለው ፈረመ። ከክረምት በኋላ ሥዕሉ አጠገብ ቡናማ የውኃ ዕድፍ ሲወርድ የፎቶው ቀን ችግሩ ከጣሪያው አሸንዳ መሆኑን አሳየና አንድ ቃል ሳንለዋወጥ ተግባባን።

ከአሠሪው ጋር በምትፈርሙት ውል ላይ ስለ ጉዳት የሚገቡት ነገሮች ብዙ አይደሉም፤ ነገር ግን ግልጽ ይሁኑ። በምዝገባው ወረቀት ላይ ለሰፈረው የቆየ ጉድለት ሠዓሊው እንደማይጠየቅ፣ ካልታየ ሽቦ ወይም ቧንቧ የተነሣ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ፣ ሥዕሉ እስኪረከብ ድረስ ለሚደርስበት ጉዳት ማን እንደሚያድሰውና በማን ወጪ፣ ከርክክብ በኋላ ደግሞ ኃላፊነቱ ወደ አሠሪው እንደሚያልፍ ይጻፍ። የርክክቡን ቀን በቃል አታስቀሩት፤ የመጨረሻው ክፍያ የዘገየበትን ሥዕል «ገና አልተረከብሁም» የሚል አሠሪ አጋጥሞኛል። ሥዕሉ ወደፊት ሲበላሽ ሌላ ሰው ከመንካቱ በፊት እናንተ እንድትጠየቁ የሚል ዐረፍተ ነገርም ጨምሩ፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሠዓሊው የሚሰጠው የሞራል መብት (ሥራው እንዳይዛባ የመቃወም መብት) አለ፣ ነገር ግን በፍርድ ቤት ከመጨቃጨቅ ውሉ ላይ አንድ መስመር መኖሩ ይቀላል።

በአብያተ ክርስቲያናትና በጥንታዊ ቦታዎች

ላሊበላ አካባቢ ወይም አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ከላይ ያልኋችሁ ሁሉ አይበቃም። ገነተ ማርያምን የመሰለ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሣለ ግድግዳ አንዴ ከተጎዳ የሚተካው ገንዘብ የለም፤ የትኛውም መድን ሰጪ ከቀድሞው ሥዕል ላይ የተላጠውን ቀለም አይመልስም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ ያለ ፈቃድ የጥገና ሥራ መሥራትን አይፈቅድም። የደብሩ አስተዳዳሪ «ግባና አድስልን» ቢሉ እንኳ በቅርስ ባለሥልጣኑ በኩል ፈቃዱ በጽሑፍ እስኪመጣ ድረስ ቀለም አትክፈቱ።

በአዲስ ቤተ ክርስቲያን ግን አባቶቻችን ያወረሱን ጥሩ ብልሃት አለ። ሥዕሉን በአቡጀዲ ላይ በራሳችሁ ቤት ሠርታችሁ፣ ሲጠናቀቅ ወስዳችሁ ግድግዳው ላይ በሙጫ መለጠፍ ትችላላችሁ። ይህ ዘዴ ለሥዕሉ የሚሰጠው ጥቅም እንዳለ ሆኖ፣ ምንጣፍ፣ መጋረጃና ንዋየ ቅድሳት ባለበት ቤት ውስጥ ለወራት ቀለምና ቲነር ይዞ መቀመጥን ያስቀራል፤ ከጉዳት አንጻር ከየትኛውም ውል ይበልጣል።

ስለ እሳትም አንድ ነገር ልጨምር። የተልባ ዘይት ያለበት ቀለም የተጠረገበት ጨርቅ ተጨፍልቆ ሲከማች ከራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁን ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውኃ ባለበት ቆርቆሮ ክዳኑን ገጥማችሁ አስቀምጡት። እናቶች በደግነታቸው ለሠራተኛ ቡና ሊያፈሉ ከሰሉን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ያቀጣጥላሉ፤ ቲነር በተከፈተበት ክፍል ውስጥ ይህ እጅግ አደገኛ ነው። «እትዬ፣ ቡናውን ደጅ እንጠጣ» ብላችሁ በትሕትና አስወጡት።

ጉዳት በደረሰ ጊዜ

በመጀመሪያ ሥራውን አቁሙና ከሥር ያለውን ሰው አርቁ። ከዚያ ፎቶ አንሡ፤ ከማጽዳት በፊት። የተደፋው በውኃ የሚቀጥን ቀለም ከሆነ ፎቶውን ወዲያው ጨርሳችሁ ሳይደርቅ በብዙ ውኃ ማጠብ ጉዳቱን በእጅጉ ይቀንሳል፤ በተለይ አክሬሊክ ከደረቀ በኋላ አይለቅም። የዘይት ቀለም ከሆነ ግን በድንጋጤ ቲነር አታፍሱበት። ቲነር የመኪናን ቀለምና የባጃጅን ፕላስቲክ ስለሚያበላሽ፣ አንድ የነበረውን ጉዳት ሁለት ያደርገዋል። በደረቅ ጨርቅ ሳታሹ ብቻ እየነካካችሁ አንሡትና የቀረውን ለባለሙያ ተዉት። የተጎዳውን ዕቃ አትጣሉ፤ ገማቹ፣ ማለትም የጉዳቱን መጠን ለመድን ሰጪው የሚገምተው ባለሙያ፣ ማየት ይፈልጋል።

የሁለት ሦስት ምስክሮችን ስምና ስልክ ያዙ። እሳት፣ ስርቆት ወይም የሰው አካል ጉዳት ካለ ለፖሊስ አመልክታችሁ ማስረጃ አውጡ። ከዚያ ለመድን ሰጪው አሳውቁ፤ የንግድ ሕጉ በአንቀጽ 670 የሰጠው ጊዜ ጉዳቱን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ 5 ቀን ነው። በስልክ መንገር ጥሩ ነው፤ ደብዳቤ ግን የግድ ነው። ደብዳቤውን ለቅርንጫፉ ሰጥታችሁ በቅጂው ላይ የተቀባይነት ማህተምና ቀን አስደርጉበት። ደብዳቤው ውስጥ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ምን ወደቀ፣ ምን ተነካ። «በእኔ ቸልተኝነት» የሚል ቃል አያስፈልግም፤ የጥፋትን ጉዳይ የሚመረምረው ሌላ ሰው ነው። ከተጎጂው የጥገና ወይም የመተኪያ ፕሮፎርማ ተቀብላችሁ አያይዙ፤ ገማቹ እስኪመጣ ድረስም ቦታውን በተቻለ መጠን እንዳለ አቆዩት።

ሽማግሌዎች ሲመጡ

አሁን በእኛ አገር ከባዱ ነገር ላይ ደረስን። ወሎ ውስጥ ሰው ሲጎዳ ሽማግሌ ሳይቀመጥ፣ ይቅር ሳይባባሉ ማደር ነውር ነው፤ እኔም ይህ እንዲቀር አልፈልግም። ይሁን እንጂ የኃላፊነት መድን ውሎች ከመድን ሰጪው የጽሑፍ ፈቃድ ውጭ ኃላፊነት ማመንን፣ ካሳ ለመክፈል መስማማትንና መክፈልን ይከለክላሉ። ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል። በመጀመሪያው ቀን ከሽማግሌዎች ጋር ሂዱ፣ ከልባችሁ ማዘናችሁን ተናገሩ፣ ሰውየውን ቤቱ ድረስ ጎብኙት። ለሽማግሌዎቹም እንዲህ በሏቸው፦ «ማዘኔንና መምጣቴን አያችሁ፤ የገንዘቡን ነገር ግን መድን ሰጪው ሳያየው ብቆርጥ ለተጎጂውም ለእኔም ይጎዳል፤ ገማቹ እስኪያይ ጊዜ ስጡን።» አብዛኞቹ አባቶች፣ ሼሆችም ቄሶችም፣ ይህንን በደንብ ይረዳሉ፤ ተጎጂው እኔ ከምከፍለው ይልቅ ከመድን የተሻለ ካሳ ሊያገኝ እንደሚችል ሲያውቁ ደግሞ ራሳቸው ያስታግሣሉ።

መድን ሰጪው ከፈቀደና ክፍያው ከተፈጸመ በኋላ ሽማግሌዎቹ ባሉበት ወረቀት ይጻፍ። ወረቀቱ የደረሰውን ጉዳት በስሙ ይጥራ፣ የተከፈለውን ገንዘብ በአኃዝና በፊደል ያስፍር፣ ተጎጂው ከዚህ ጉዳት ጋር በተያያዘ ሌላ ጥያቄ እንደሌለው ይግለጽ፣ ዕቃው የአደራ ከሆነ ደግሞ ባለአደራዋም ባለቤቱም ይፈርሙበት። በእኔ ጊዜ ሸማኔው አልፈረመም ነበርና ከወር በኋላ ራሱ መጥቶ ጠይቆኛል። ጉዳቱን ያደረሰው ሌላ ሰው ከሆነ፣ ለምሳሌ መኪና ገጭቶ መወጣጫችሁን ጥሎ ከሆነ፣ በዚያ ሰው ላይ ያላችሁን መብት በምንም ወረቀት አትተዉ፤ መድን ሰጪው ከከፈለ በኋላ ያንን መብት ተክቶ ስለሚጠይቅበት፣ እናንተ ቀድማችሁ ከተዋችሁት ካሳችሁን ሊከለክላችሁ ይችላል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2143 ለተጎጂ ክስ የማቅረቢያ ጊዜ ከጉዳቱ ጀምሮ 2 ዓመት ሰጥቷል፤ በመድን ውል የሚነሣ ጥያቄም በንግድ ሕጉ አንቀጽ 674 የሚታገደው በ2 ዓመት ነው። የግድግዳውን ምዝገባ፣ ፎቶዎቹን፣ ማህተም ያለበትን ደብዳቤና የዕርቁን ወረቀት በአንድ ማኅደር ውስጥ አድርጋችሁ፣ ሥራው ካለቀና ክፍያው ከተዘጋ በኋላም ቢሆን ቢያንስ ለዚያን ያህል ጊዜ አስቀምጡ፤ በስልካችሁ ብቻ ያሉትን ፎቶዎች ደግሞ ስልኩ ሳይጠፋ በፊት ሌላ ቦታ ገልብጧቸው።